እረኛው የት ቀረ?

ባለፈው ሰሞን እንግዳ ለመሸኘት በማለዳ አውቶቡስ ተራ ተገኝተን ነበር። በግፊያውና በጩኸቱ መካከል አንድ ወጣት ሦስት ቡችሎች በካርቶን ይዞ «ጀርመን! ንጹሕ ጀርመን!» እያለ ይጣራል። የረዳቶቹም ጥሪ ከዚሁ ጋር ስለ ተቀላቀለ፣ ወደ ጀርመን የሚሄድ አውቶቡስ የተገኘ መስሎት ዘወር ያለ መንገደኛ ቢኖር አይፈረድበትም።

«ጆሯቸው አልቆመም» ብንለው «ጋሼ፣ ገና ሕፃናት ናቸው፤ ይቆማል» ሲል መለሰልን። በዚህስ እውነቱን ነው፤ የዚህ ዘር ቡችላ ጆሮው የሚቆመው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። የእናትና የአባታቸውን ነገር ግን ባንጠይቀው ይሻል ነበር።

በዚህ መካከል የመንዝ ባና የደረቡ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ቡችሎቹን አዩና «ልጄ፣ ለበግ ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁ። ወጣቱም ሣቀና «አባባ፣ ይኸ ጀርመን ነው እኮ! ለግቢ ነው እንጂ ለበግ አይሆንም» አላቸው። እሳቸውም ባናቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ነገሩ የከነከነን ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ነው። የዚህ ውሻ ሙሉ ስም በአገሩ ቋንቋ «ዶይቸር ሼፈርሁንድ» ይባላል፤ የጀርመን የበግ እረኛ ውሻ ማለት ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ፣ ከፈረሰኛ ጦር የተሰናበተ ሻምበል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚያዝያ 1899 በካርልስሩኸ በተደረገ የውሾች ትርኢት ላይ አንድ የእረኛ ውሻ አይቶ ገዛ። ስሙን ሆራንድ ብሎ ለወጠው፤ በዚያው ወርም የዘሩን ማኅበር አቋቋመ። ጀርመን አንድ መንግሥት ከሆነች ገና 28 ዓመቷ ነበር። በየአውራጃው የየራሱ መልክ የነበረው የእረኛ ውሻ እየተዳቀለ የአገር ውሻ ሆነ። የበጉ ሥራ እየቀነሰ ሲሄድም ሻምበሉ ውሻው ሥራ እንዳይፈታ ብሎ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ዘንድ ሥራ ፈለገለት። በ1916 በኦልደንቡርግ ከተማ በጦርነቱ ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች መሪ ውሾች ይሰለጥኑ ጀመር።

ጦርነቱ ግን ለውሻውም ተረፈው። አሜሪካኖች በ1917 «ጀርመን» የሚለውን ቃል ፍቀው «የእረኛ ውሻ» ብቻ አሉት፤ እንግሊዞችም የአልዛስ ውሻ ብለው ሰየሙት፤ በእንግሊዝ የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት በ1977 ነው። በናዚዎች ዘመን ደግሞ ይኸው ውሻ በእስረኞች ሰፈር አጥር ዙሪያ ቆሟል። እንግዲህ አሜሪካኖቹ ጀርመኑን ጥለው እረኛውን አስቀሩ፤ እኛ በአውቶቡስ ተራ እረኛውን ጥለን ጀርመኑን አስቀረን።

አንድ ወዳጃችን በወጣትነቱ ጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ይኸን ዘር ገዝቶ «ዚትስ» ሲለው ይቀመጣል፤ «ፕላትስ» ሲለው ይተኛል። በሰፈሩ ጀርመንኛውን የሚሰማለት ሌላ ፍጡር የለም። በዚህ አንሥቅበትም፤ ሰው የተማረበትን አገር ናፍቆት በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ አለበት። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነትም የቆየ ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ ሄደው ሊቁን ሂዮብ ሉዶልፍን ረድተዋል፤ ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል። በ1905 ደግሞ የሮዘን መልእክተኞች አዲስ አበባ መጥተው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል።

የምንነቅፈው ሰንሰለቱን ነው። ወዳጃችን ቢሮ ሲውል ውሻው በሁለት ክንድ ሰንሰለት ታስሮ ሲጮህ ይውላል፤ ጎረቤት ተማርሯል። ቀኑን ሙሉ በመንጋ ዙሪያ እንዲሮጥ የተፈጠረ እንስሳ በአንድ ችካል ዙሪያ ሲሽከረከር ማየት ያሳዝናል። በ2021 በተሻሻለው የጀርመን ደንብ ውሻን አስሮ ማኖር በመሠረቱ የተከለከለ መሆኑን ስንነግረው ዝም አለና «እዚያ ሳለሁ ያከራዩኝ ሴትዮ ዝናብም ቢዘንብ ውሻቸውን ሳያንሸራሽሩ አይውሉም ነበር» አለን። ከዚህ በላይ አልተከራከርነውም።

ቡችላ ለመግዛት ያሰቡ ወጣት ሠራተኞች የሚኖሩት በኪራይ ቤት መሆኑን እናውቃለን። ጧት ማታ የሚያራምዱበት ጊዜ ከሌላቸው ይተዉት። ካላቸውም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱን ከስሙ ያስቀድሙ፤ ካርቶኑ ላይ «ጀርመን» የሚል ድምፅ እንጂ የክትባት ወረቀት አላየንም።

አንድ ነገር ይቀረናል። የመንዝ በግ በምርምር ጽሑፎች በስሙ ተለይቶ የታወቀ ዝርያ ነው፤ በዚያ ብርድ ሌሊቱን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ግን «ውሻ» ነው፤ በቃ። ሽቴፋኒትስ የጀመረው ከዚህ ዓይነቱ ውሻ ነበር። በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ከሚማሩት መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የቸገረው ካለ፣ መንዝ ወጥቶ ሰንበት ይበል፤ መልኩን፣ ቁመቱን፣ ሥራውን ይመዝግብ።

እኛም በዚያ ጧት አዛውንቱን የውሻቸውን ነገር ልንጠይቃቸው አስበን ተከተልናቸው። ባናቸው በጆንያና በፌስታል መካከል ሁለት ጊዜ ታየንና ጠፋ። ወጣቱ አሁንም «ጀርመን! ጀርመን!» ይላል።