ስለ ምግብ ቤት ዋጋና ስለ ማዕድ መስፈሪያ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋልና፥ በእነዚህ በአዊ ከተሞች ምግብ ቤት የሚገባው የአገሩ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ነገ የማይመለሰው መንገደኛም ነው። መንገደኛው ይቸኩላል፤ የመኪናው ጥሩንባ ይጠራዋል። ስለዚህ የቀረበለት ምግብ ከጠበቀው ቢያንስ፥ የተጠየቀውም ገንዘብ በወረቀቱ ካነበበው ቢበልጥ፥ ጥቂት አጉረምርሞ ከፍሎ ይሄዳል። የሚከራከረው የአገሩ ሰው ነው፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ በቁጣ ይጀመርና ያለ ዳኛ ያልቃል።

እንግዳው፥ «በዝርዝሩ የተጻፈው ዋጋ ይህ ነው» ይላል፤ ባለቤቲቱም፥ «ወረቀቱ የአምና ነው፤ ዘይቱና ሽንኩርቱ ግን የአምና አይደለም» ትላለች። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ መወደዱ የታወቀ ነው፤ ዝርዝሩን በየጊዜው ማሳተምም ለትንሽ ምግብ ቤት ቀላል ወጪ አይደለም። ይሁን እንጂ ዋጋ የጨመረ ነጋዴ ጭማሪውን እንግዳው ከማዘዙ በፊት በእጅ ጽሕፈትም ቢሆን ማመልከት አያቅተውም።

ሕጉ ምን ይላል ቢባል፥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1687 የዋጋ ዝርዝር በአደባባይ መለጠፍ ብቻውን ለውል ቃል እንደ ማቅረብ አይቆጠርም ይላል። ነጋዴው ይህን ሰምቶ «ወረቀቱ አያስገድደኝም» ቢል ግን ነገሩን በግማሽ ያዘው። እንግዳው ዝርዝሩን አይቶ ባዘዘ ጊዜ ቃሉን ያቀረበው እርሱ ነው፤ ባለቤቱም ስለ ዋጋው ምንም ሳይናገር ምግቡን ሠርቶ ካቀረበ በዚያው ዋጋ ተስማማ ማለት ለዳኛ የሚከብድ አይመስልም። ከዚህም በላይ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ስፍራ እንዲያመለክት ያዝዛል፤ ገዢው ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መግለጫ እንዲያገኝ፥ በትሕትናና በአክብሮትም እንዲስተናገድ መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ ስለ ዋጋ የጠየቀውን እንግዳ በሰው ፊት ማዋረድ የጠባይ ጉድለት ብቻ አይደለም።

ስለ ዋጋው ሕግ እንዲህ ሲኖር፥ ስለ መስፈሪያው ግን ነገሩ ጨለማ ነው። ሥጋ በኪሎ በሚሸጥበት ቤት ጠብ የሚያንሰው ሚዛኑ በሁሉ ፊት ስለሚታይ ነው። ጠጅም በብርሌ ይቀዳልና ጠጪው ልኩን በዓይኑ ያውቀዋል። «አንድ ጥብስ» የሚባለው ግን ስንት ግራም ነው? «በያይነቱ»ስ ስንት ዓይነት ወጥ፥ ስንትስ እንጀራ ነው? ዋጋውን ሳይነካ ሥጋውን ከሳህኑ የሚቀንስ ነጋዴ ከወረቀቱ አንድ ፊደል እንኳ አልለወጠምና ተቆጣጣሪ በምን ይይዘዋል? ይህ መንገድ ዋጋን በግልጽ ከመጨመር ይልቅ የሚመረጠውም ስለማይታይ ነው። በጾም ወራት መንገድ የወጣ ካህንም ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 ነጋዴዎችን ሲወቅስ መስፈሪያን ማሳነስንና ዋጋን ማብዛትን አንድ ላይ አድርጎ ነውና፥ ካህናት ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ሲያስተምሩ ሳህኑንም ከሚዛን ቢቆጥሩት ከነቢዩ አሳብ አይርቁም።

«የወጥ ቤት እጅ እንደ ሚዛን አይደለም» ቢባል እውነት ነው፤ ጥቂት ግራም ቢበልጥ ወይም ቢጎድል የሚከስ ሰውም የለም። የሚፈለገው ትንሽ ነው። በዝርዝሩ ላይ የሥጋው ክብደት ሳይበስል፥ የእንጀራውም ብዛት ይጻፍ፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ከዋጋው አጠገብ ይገለጽ፤ ዋጋ የተለወጠበትም ቀን ይታይ። የንግድ ሹሞች ይህን ለባለ ምግብ ቤቶች አስቀድመው ቢያስረዱ፥ ተቆጣጣሪውም ወረቀቱ መለጠፉን ብቻ አይቶ ከመመለስ አንድ ሳህን አዝዞ ቢመዝን (ሒሳቡን ግን ከፍሎ) ብዙው ክርክር ሳይጀመር ይቀራል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበር ከየስፍራው እንግዳ ይመጣል። ሹሞቹ ከባለ ምግብ ቤቶቹ ጋር ተነጋግረው አዲሱን ዝርዝር ከዚያ ቀን አስቀድመው ቢያስለጥፉ ጊዜው የተመቸ ይሆናል።