የቀይ ባሕር የጦር ወሬ በመካነ ሰላም ሲሰማ

ታኅሣሥ 3 ቀን እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበትን በዓታ ለማርያምን የምናከብርበት ዕለት ነው። በ1993 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ኢትዮጵያና ኤርትራ ሁለት ዓመት የፈጀውንና በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን የቀጠፈውን ጦርነት በይፋ የሚዘጋ ስምምነት በአልጀርስ ፈረሙ። ልክ በ25ኛ ዓመቱ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኤርትራ ከኢጋድ አባልነት መውጣቷን አስታወቀች። ከዚያ ቀደም ብሎ በመስከረም ወር የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ በጻፉት ደብዳቤ፣ ኤርትራ ከሕወሓት አንድ ክንፍ ጋር አብራ ለጦርነት እየተዘጋጀች፣ በአማራ ክልል የሚዋጉ ታጣቂዎችንም እየረዳች ነው ሲሉ ከሰዋል፤ አስመራም ክሱን አስተባብላለች።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የድንበርና የወደብ ጉዳይ ይመስላል። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ ግን በመልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ ጦርና ጠብ ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቅ ወደ ውጭ አያመለክትም፤ ምንጩን በሰው ውስጥ ከሚዋጉ ምኞቶች ያሳየናል። የመንግሥታትም ጠብ ከዚህ አይለይም። በድንበር የሚነድደው እሳት ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ ተዳፍኖ የቆየ ፍም ነው።

ይህን ለማየት የቅርቡን ዘመን መመልከት ይበቃል። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች በአስመራ የሰላም መግለጫ ሲፈርሙ ለዓመታት የተለያዩ ቤተሰቦች በእንባ ተገናኙ። ይሁን እንጂ ሰላሙ የመሪዎች እንጂ የሕግና የተቋማት አልሆነምና የተከፈቱት የድንበር በሮች ዓመት ሳይሞላቸው መልሰው ተዘጉ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የኤርትራ ሠራዊት ከፌዴራሉ መንግሥት ጎን ተሰለፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲደረግ ግን አስመራ ተፈራራሚ አልነበረችም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ መወሰኑ ያባባሰው ቅሬታ በአማራ ክልል ወደ ውጊያ ተለውጦ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የቀይ ባሕር ጥያቄ በይፋ የተነሣው ከዚህ ከሁለት ወር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። በኤርትራም በኩል በሕግ 18 ወር የነበረው ብሔራዊ አገልግሎት ከ1990ው ጦርነት በኋላ ማብቂያ አጥቷል፤ በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በሥራ ላይ አልዋለም። የውጭ ጠላት መኖሩ በሁለቱም ቤት የውስጡን ጥያቄ ለማዘግየት ያገለግላል።

የባሕር በር መሻት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር አብዛኛውን ንግዱን በጅቡቲ ብቻ ሲያመላልስ መጨነቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ እውነት መዘንጋት የለበትም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች በኋላ እንኳ የኢትዮጵያ ዕቃ በዐሰብ ይገባና ይወጣ ነበር፤ ወደቡን የዘጋብን የ1990ው ጦርነት ነው። ጦርነት የዘጋውን በር ጦርነት ይከፍተዋል ብሎ ማሰብ ከዚያ ታሪክ አለመማር ነው።

መካነ ሰላም በምዕራብ ደቡብ ወሎ በቦረና ደጋ ላይ የምትገኝ፣ ስሟ የሰላም ስፍራ ማለት የሆነ ከተማ ናት። ከዐሰብ እጅግ ሩቅ ናት፤ ሆኖም የሩቁ ጦርነት ዋጋ የሚከፈለው እንዲህ ባለው አገር ነው። የሚዘምተው የገበሬው ልጅ ነው፤ ማዳበሪያ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ የሚቸገረውም እርሱ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ መድረሱን የወሎ ሕዝብ አይረሳውም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ይህ ሳይጠገን ሌላ ጦር መጨመር ቁስልን ሳያደርቁ እንደ ገና መውጋት ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ12ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የሮብዓም ታሪክ ለዚህ ዘመን ትምህርት ነው። ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ንቆ የሕዝቡን ቀንበር አከበደ፤ መንግሥቱም ተከፈለች። የቤቱን ጥፋት በጦር ለማረም ሠራዊት ሲሰበስብ ግን የእግዚአብሔር ሰው ሸማያ መጥቶ ወንድሞቻቸውን እንዳይወጉ ነገራቸው፤ ሰምተውም ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሸማያ የተናገረው ደም ከፈሰሰ በኋላ ሳይሆን ሠራዊቱ ገና ሳይዘምት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን በቅርቡ በመራራ ዋጋ ተምራለች። ቅዱስ ሲኖዶስ በትግራይ ጦርነት ወቅት ስለ ነበረው ዝምታ በ2015 ዓ.ም. በይፋ ይቅርታ ጠይቋል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ግን ከቀኖና ውጭ የሆነ ሲመተ ጵጵስና በአክሱም ተፈጸመ። የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ፓትርያርክ ያገኘችውም ጦርነቱ በፈነዳበት በ1990 ዓ.ም. ነበርና ሁለቱ አኀት አብያተ ክርስቲያናት የመቀራረቢያ ጊዜያቸውን ጦርነት ወሰደባቸው።

ስለዚህ ዛሬ የሚያስፈልገው፣ የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች ጦሩ ሳይነሣ ተገናኝተው በአንድ ድምፅ እንዲናገሩ፣ በትግራይ ካሉት አባቶች ጋር የተጀመረው የዕርቅ ጥረትም እንዳይቋረጥ ነው። በየአጥቢያው ያለን ምእመናንም የጥላቻ ወሬ ከመቀባበል እንቆጠብ። የወሎ ሽማግሌዎች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ተቀምጠው ደም ሲያደርቁ ኖረዋል፤ ይህ ሥርዐት ለመንግሥታትም ይበጃል። በጎረቤት ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም በትውፊታችን ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር መሥዋዕተ ኦሪት ከተሠዋባቸው አራቱ ስፍራዎች አንዷ ናት፤ አንድነታችን ከዛሬው ጠብ እጅግ ይቀድማል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ሕዝቡ ስለ ሰላም እንዲጸልይ የሚያዝዘው በአስመራም፣ በአክሱምም፣ በመካነ ሰላምም በአንድ ግእዝ ነው። ቅዳሴው ካበቃ በኋላም በዚያው ጸሎት እንኑር።

የሰላም አለቃ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለሀገራችንና ለጎረቤቶቻችን ሰላሙን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።