«መቁረጫ» የቆረጣቸው ቃላት

ማጭድ መቁረጫ ነው። ምሳርም መቁረጫ ነው። መጋዝ፣ መሮ፣ ምላጭ፣ መቀስ፣ ካራ፣ ገጀራ ሁሉም ይቆርጣሉ፤ ይህን የሚክድ የለም። በግም ግመልም ድመትም እንስሳ ናቸው። ነገር ግን ለፋሲካ ገበያ ወጥቶ «አንድ እንስሳ ስጡኝ» የሚል ሰው ቢገጥመን ጤንነቱን እንጠራጠራለን። ይህንኑ ሥራ መጽሐፍ ላይ የሚሠራውን ሰው ግን ተርጓሚ እንለዋለን፤ ሲብስም አርታኢ እንለዋለን።

ጠቤ «መቁረጫ» ከሚለው ቃል አጠቃቀም ጋር ነው። ቃሉ በራሱ ኃጢአት የለበትም። «ጥፍር መቁረጫ» ስንል ሁላችንም እንግባባለን፤ ዕቃው ሌላ ስም አልነበረውም፣ ይኸኛው በቃው። ችግሩ የመጣው ከእንግሊዝኛው «ካተር» ጋር ፊት ለፊት ካስቀመጥነው በኋላ ነው። እንግሊዝኛው ላይ «ካተር» የሚል በታየ ቁጥር፣ ምን እንደሚቆርጥ፣ በምን እንደሚቆርጥ፣ ማን እንደሚይዘው ሳይጠየቅ አማርኛው ላይ «መቁረጫ» ይለጠፋል። የሙያ ማሠልጠኛ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ የግዥ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ የዕቃ መመሪያና የተማሪ መጽሐፍ ውስጥም አለ። ገብቶ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ነባሮቹን እያስወጣ ነው።

«የብረት መቁረጫ፣ ብዛት 5» የሚል የግዥ ጥያቄ ይዞ መርካቶ የወረደ ዕቃ ገዥ አስቡ። ባለሱቁ ምን ይስጠው? ሴጌቶ? ግራይንደር? የላሜራ መቀስ? ፒንሳ? ሴጌቶ በጥርሱ እየገዘገዘ ቱቦ ይቆርጣል፤ የሚፈልገው ክንድ ብቻ ነው። ግራይንደር በሚሽከረከር ዲስክ ይቆርጣል፤ መብራት ይፈልጋል፣ የእሳት ብልጭታ ይረጫል፣ ያለ መነጽር የሚነኩት ዕቃ አይደለም። የላሜራ መቀስ ስስ ቆርቆሮ እንጂ ወፍራም ብረት አይደፍርም። ፒንሳ ሽቦ ቢቆርጥም ዋና ሥራው መያዝ ነው። አራት ዕቃ፣ አራት አሠራር፣ አራት ዓይነት አደጋ። ባለሱቁ ለአራቱም አራት ስም አለው። ሰነዱ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ድፍን አድርጎ ላከው። በኋላ የማይሆን ዕቃ ተገዝቶ መጋዘን ሲገባ «አማርኛ ለቴክኒክ አይመችም» የሚል አይጠፋም። አማርኛ ምን በወጣው! አማርኛን ማን ጠየቀው?

እስኪ ከመጋዘኑ ወጥተን ጓዳ እንግባ። ጓዳ ውስጥ ሁሉን ነገር «መቁረጥ» ብላ የምታልፍ እናት የለችም። ሽንኩርት ይከተፋል። ዶሮ ትበለታለች፤ ያውም 12 ቦታ፣ መገጣጠሚያዋ እየታወቀ። ለቋንጣ የሚሆን ሥጋ ይዘለዘላል። ዳቦ ይቆረሳል። ክትፎ ስሙን ያገኘው ከመክተፍ ነው፤ ዝልዝል ከመዘልዘል፤ ቁርጥ ከመቁረጥ። ልኳንዳ ቤት ገብቶ ቁርጥ ያዘዘ ሰው ክትፎ ቢቀርብለት ዝም ብሎ ይበላል? አይበላም፤ አስተናጋጁን ይጠራል። ለምን? ሁለቱም የበሬ ሥጋ፣ ሁለቱም በቢላዋ የተቆረጡ አይደሉም እንዴ? ለሆዳችን ሲሆን እንዲህ ጠንቃቆች ነን። ለልጆቻችን መማሪያ ሲሆን ግን «ያው ነው» እንላለን።

እርሻ ላይ ነገሩ ከሆድም ይብሳል። ገበሬ ጤፍ ያጭዳል፤ ምስርና ሽምብራ ይነቅላል፤ ቅርንጫፍ ይመለምላል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ በግ ይሸልታል። እያንዳንዱ ግሥ ወገብን፣ ክንድንና ዓይንን ለየት አድርጎ ያዛል። የሰብል ጠላቶቹን ስም ደግሞ ተመልከቱ። ቆራጭ ትል አለ፤ ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ቡቃያውን ከአፈሩ ጥግ ይቆርጠዋል። አገዳ ቆርቋሪ አለ፤ የበቆሎና የማሽላ አገዳ በስቶ ይገባና ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ተምች አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች የበቆሎውን ቅጠል እየበላ መሃል ለመሃል ይመሽጋል። ለሚያውቅ ሰው ስሙ ራሱ የት እንደሚፈለግ ይናገራል። ቆራጭ ከተባለ አፈሩን መጫር ነው፤ ቆርቋሪ ከተባለ አገዳውን ሰንጥቆ ማየት ነው፤ ተምች ከተባለ ቅጠሉን ገልጦ መፈተሽ ነው። ሦስቱንም «ሰብል ቆራጭ ነፍሳት» ብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ የሚከት ጽሑፍ ገበሬው እጅ ቢገባ ምን ይሆናል? ሰውየው ጠላቱን በሌለበት ሲፈልግ ይውላል፤ አገዳ ውስጥ ለተደበቀው ትል አፈሩን ይጭራል። ሰብሉን ትል ብቻ ሳይሆን ትርጉምም በላው ማለት ነው።

አሁን የሚመጣውን ክርክር አውቀዋለሁ። «እንግሊዞቹስ? ለስንቱ ነገር ካተር ይሉ የለም እንዴ?» የሚል ነው። አዎ፣ ይላሉ። ግን እንዴት እንደሚሉት ልብ ብላችሁ እዩ።

ባሕር ላይ ካተር መርከብ ነው። ድሮ ባለ አንድ ምሰሶ ፈጣን የሸራ ጀልባ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1790 እ.ኤ.አ. ቀረጥ ሳይከፍሉ የሚገቡትን የሚያሳድዱ 10 ጀልባዎች እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ካተር ተባሉ። ሸራው ቀርቶ ሞተር ሲመጣ እንኳ ስሙ አልቀረም። እስካሁን የዚያች አገር የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል 65 ጫማና ከዚያ በላይ የሚረዝመውን፣ ባሕርተኞቹ የሚያድሩበትን መርከብ ካተር ይለዋል። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደን ውስጥ ደግሞ ቅጠል ቆራጭ የሚባሉ ጉንዳኖች አሉ። ቅጠሉን ቆርጠው ይሸከሙታል እንጂ አይበሉትም፤ ጉድጓዳቸው አስገብተው ፈንገስ ያበቅሉበታል፣ ምግባቸውም ያ ፈንገስ ነው። እነሱን ቆራጭ ብሎ ማቆም ገበሬን «ማጭድ ያዥ» ብሎ እንደማቆም ስለሆነ፣ ቅጠሉም ከስሙ ጋር ተሰፍቶ ተቀመጠ። ስፔኖች ደግሞ ቡና አላቸው፤ ኮርታዶ ይሉታል፣ የተቆረጠ እንደማለት ነው። ቢላዋ አልነካውም፤ ጠንካራው ቡና በትንሽ ወተት ተሰብሮ ነው።

መርከበኛው ካተር ሲል መቀስ አይታየውም፤ ኮርታዶ ያዘዘም ሰው ምላጭ አይፈራም። ስሙን ያወጡት ከነገሩ ጋር የሚውሉት ሰዎች ናቸውና። ከሁሉም በላይ ግን፣ እንግሊዝኛ ካተር የሚል ቃል ስላለው ማጭዱን፣ ምሳሩን፣ መሮውን፣ መጋዙን ከነስማቸው አልጣለም። ሁሉም እስከዛሬ በየስማቸው አሉ። ካተር ተጨመረ እንጂ አልተተካም። እኛ የነሱን መደመሪያ አምጥተን መቀነሻ አደረግነው።

ሕዝብ ሲሰይም እንዲህ አይሳሳትም። የአዲስ አበባ ቡና ቤት ማኪያቶን ከጣልያን ተቀበለ፤ ትርጉሙ ነጠብጣብ ያረፈበት መሆኑን አስቦ «ነጠብጣቤ» ልበለው አላለም። ይልቅ ጥቁር ማኪያቶ፣ ነጭ ማኪያቶ ብሎ በራሱ ምላስ ከፋፈለው። ቡናና ሻይ ሲቀላቀል ስፕሪስ አለው። ኮሚቴ አልተቀመጠም፤ አበልም አልተከፈለ።

ቆረጠ የሚለው ግሥም ቢሆን ሕዝብ ሲይዘው ሀብታም ነው። ትኬት ቆራጭ እጅ ላይ ስለት የለም። ተስፋ ይቆረጣል፤ ደሞዝ ይቆረጣል፤ ሆድ ይቆርጣል። ልጁ «ቁርጥ አባቱን» ይሆናል። ወሬ የሚፈበርክ ሰው «ቆርጦ ቀጥል» ነው፤ ከዚህ የተሻለ የውሸታም ስም ከየትም አይመጣም። ፖለቲካችንም ቢሆን ያለዚህ ቃል መንቀሳቀስ አይችልም፤ በደርግ ዘመን መሪው «ቆራጡ» ነበሩ፣ ዛሬ ደግሞ ስብሰባው ሁሉ በ«ቁርጠኝነት» ተከፍቶ በ«ቁርጠኝነት» ይዘጋል። ስለዚህ እኔን የቆረጠ ጠላት አድርጎ የሚያይ አይኑር። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማጭድና መሮ በየስማቸው በሕይወት ሳሉ «መቁረጫ» ብሎ መጻፍ ለምን ቀለለን?

ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። የመሣሪያው ስም ያለው ባለእጁ ጋ ነው፤ ባለእጁን ደግሞ ንቀነዋል። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ለዘመናት ሰድበናል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ያ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በአደባባይ መሳደቡ ቀንሶ ይሆናል። ንቀቱ ግን ወረቀት ውስጥ ገብቶ ተደላድሏል። ማጭዱን እንገዛለን፣ ሠሪውን «ይህቺን ምን ትሏታላችሁ?» ብለን ግን አንጠይቅም። ምናለሽ ተራ ሄዶ አንድ ከሰዓት የተቀመጠ ተርጓሚ፣ ዓመት ሙሉ ቢሮው ውስጥ ከሚያገኘው በላይ ስም ይዞ ይመለስ ነበር። አይሄድም፤ ቃል የሚወጣው ከተማረ ሰው አፍ ብቻ ይመስለዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የማጭድን አጥር የነቀነቅነው ባለማጭዱን ንቀን ነው።

«ምሳር ለማለት አንዱ ቦታ ፋስ ይላል፣ ሌላው ጥልቆ ይላል፤ ለፈተና አንድ ቃል ያስፈልጋል» የሚሉ አሉ። ከክርክሮቹ ሁሉ ይህኛው ሚዛን የሚደፋ ነው፤ የተማሪን ፈተና በየአውራጃው ቃል ማዘጋጀት አይቻልም። ነገር ግን ከሦስት ወንድማማቾች አንዱን አለቃ ማድረግ ሌላ፣ ሦስቱንም አባርሮ ባዕድ ማስገባት ሌላ። ምሳር ይመረጥ፤ ፋስና ጥልቆ ከጎኑ በቅንፍ ይቀመጡ፣ የየት አገር ሰው እንደሚላቸውም ይጻፍ። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላቶቻቸውን ሲያወጡ ኮምፒውተር አልነበራቸውም። ዛሬ መፈለጊያው ኪሳችን ውስጥ ሆኖ ለሦስት ቃል ቦታ ጠበበን ማለት ያሳፍራል።

በሌላ ወገን ደግሞ ጽዳት ወዳዶቹ አሉ። እነሱ «ሴጌቶ ጣልያንኛ ነው፣ ስካርፔሎም ጣልያንኛ ነው፣ ካቻቢቴም ይውጣልን» ይላሉ፤ ከዚያ ከግዕዝ ሥር ቆፍረው ማንም ጋራዥ ውስጥ የማይሰማውን ቃል ያመጣሉ። እነዚህና የ«መቁረጫ» ሰዎች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሠራተኛውን አልጠየቁም። ሴጌቶ በጋራዥ ሰው እጅ ስንትና ስንት ዓመት ቅባት ጠጥቶ አማርኛ ሆኗል። ጠረጴዛንም እኮ ከውጭ ተቀብለን ነው የበላንበት።

ተረትና ምሳሌያችንን በዚህ ቃል እስኪ ፈትኑት። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንላለን። «የወደቀ ዛፍ መቁረጫ ይበዛበታል» በሉ። የደን ልማት ጽሕፈት ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት ሆኖ ቁጭ አለ። ምሳሩ ሲወጣ እጁም፣ ጉልበቱም፣ ጭካኔውም አብሮ ወጣ።

ቁርጡን ልናገር። «መቁረጫ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ይቆርጣል? እንዴት ይቆርጣል? የሚሠራበት ሰው ምን ይለዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካለ እሱን ጻፉ፤ ከጣልያንም ይምጣ ከጎጃም። መልስ ከሌለ ብቻ «መቁረጫ» በሉ፤ ያኔም የሚቆርጠውን ነገር ከፊቱ አስቀምጡ። የሙያ መማሪያ የምታዘጋጁ ደግሞ ረቂቁን ለቋንቋ ባለሙያ ከመላካችሁ በፊት ለአንድ አናጢ፣ ለአንድ ብረት ሠራተኛና ለአንድ ገበሬ አንብቡላቸው። የሚስቁበት ቦታ ላይ አስምሩ። የሚታረመው እሱ ነው። ለአርትዖት የሚከፈለው ገንዘብም ለነሱ ይከፈል፤ ሥራው የነሱ ነውና።