ጨረሩ ሳይሆን ግለቱ ነው

በቅርቡ ዘመድ ለመጠየቅ ከደሴ በስተሰሜን ወደምትገኘው ወደ ሐይቅ ከተማ ሄጄ ነበር። ለእራት ከትናንት የተረፈ የዓሣ ወጥ ይሙቅ ተባለና ክርክር ተነሣ። በቅርቡ የመንግሥት ሥራ የያዘው የአክስቴ ልጅ ወጡን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው አወጣና «ጨረሩ ጀርሙን ሁሉ ፈጅቶታል፤ ብሉ!» አለ። አክስቴ በበኩላቸው «ጨረር የነካው ምግብ ጠንቅ ነው፤ ልጄ፣ አንተም ተው» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔ ወጡን ብነካው ዳር ዳሩ ይፋጃል፤ መካከሉ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል።

የአክስቴ ስሕተት ከስሙ የመጣ ነው። ማይክሮዌቭ ከራዲዮ ሞገድ ወገን ስለሆነ እንደ ኤክስሬይ የሞለኪውልን ማሠሪያ የሚበጥስ ጉልበት የለውም። የቤት ምድጃው ሞገድ በሴኮንድ 2450 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ እየተርገበገበ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያናውጠዋል፤ ከዚህም ግለት ይወለዳል። ምድጃው ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል፤ በምግቡ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር የለም።

የልጁ ስሕተት ግን ይበልጥ ያሰጋል። ጎልድብሊዝና ዋንግ የተባሉ ሊቃውንት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ባክቴሪያን በማይክሮዌቭና በተራ ሙቀት እያሞቁ ቢያወዳድሩ፣ ገዳዩ ግለቱ ብቻ ሆኖ አገኙት። ከዚያም ወዲህ ደካማ ጨረር ያለ ግለት የረቂቅ ተሐዋስያንን ዕድገትና የሰውነት ሥራ ይለውጣል የሚሉ ጽሑፎች ወጥተዋል፤ ዳሩ ግን ውጤታቸው እርስ በርሱ ስለሚጋጭ ክርክሩ አላበቃም። ለወጥ ቤታችን ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግለት ባልደረሰበት ስፍራ ተሐዋሲው በሕይወት ይቆያል።

እንዲያውም ለብ ያለ ሙቀት ይመቸዋል። ይህንን የአምባሰል እናቶች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። በደጋው ብርድ ሊጥ ለመኩፋት ይዘገያል፤ በቆላው ይፈጥናል። ወተትም ሞቅ ካለ ስፍራ ሲቀመጥ ቶሎ ይረጋል። እንጀራና እርጎ የሚያበጅልን ያው ሙቀት፣ ያደረውን ወጥ ደግሞ ያበላሽብናል።

ስለዚህ በማይክሮዌቭ የሚያሞቅ ሰው ምግቡን ይክደን፤ በመካከሉ ያማስል፤ ካወጣውም በኋላ ግለቱ እንዲዳረስ ጥቂት ያቆየው። መካከሉ እስከ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ ይገባል። ውጭ ውሎ ያደረውን ምግብ ግን ማሞቅ አያድነውም፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ የፈላ ውሃ የማይበግረው ዘር አለውና፤ አንዳንዱም የሚተወው መርዝ በእሳት አይጠፋም።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በዚህ የትምህርት አገር አዲስን መሣሪያ በስሙ መፍራትም ሆነ በስሙ ማምለክ አያምርብንም። አባቶች «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይላሉ። ለእኛ ለተማርን ወጣቶች መጠርጠር ማለት መመርመር ነው።

በዚያ ምሽት ወጡን አማስለን እንደገና አሞቅነው። መካከሉ ሲጨስ ያዩት አክስቴም «እንዲህማ ከሆነ» ብለው ቆረሱ።