እማዬ፣ ይሰማሻልን?

በ2014 ዓ.ም. በሥራ ምክንያት በካርቱም ከተማ በነበርሁበት ጊዜ፣ ብዙ ሐበሾች ይኖሩበት በነበረው በዴም ሠፈር አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። ዘወትር ዓርብ፣ ሥራ በማይኖርበት ቀን፣ ቡናዋን አፍልታ ጎንደር ላሉት እናቷ በኢንተርኔት ስልክ ትደውላለች። የእናቲቱ ድምፅ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወደ እርሳቸው የሚደርሰው የልጂቱ ድምፅ ግን እየተቆራረጠ ነበርና፣ «ልጄ፣ ሲቃ ይዞሻል፤ የምትደብቂኝ ነገር አለ» እያሉ ይጨነቁ ጀመር። እርሷም «የአገር ቤት ኔትወርክ ነው» ብላ ታልፈው ነበር። አንድ ዓርብ ግን እናቲቱ ገንዘብ ተበድረው ታናሽ ወንድሟን በመተማ በኩል ሊልኩባት መቍረጣቸውን በነገሯት ጊዜ ደንግጣ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ደኅና ነኝ ብዬ ብምልላቸው አላመኑኝም» አለችኝ።

ኢንተርኔት ሁለት መንገድ አለው። ከውጭ ወደ ቤታችን የሚገባበትን ዳውንሎድ፣ ከቤታችን የሚወጣበትን አፕሎድ ይሉታል። የእናታችንን ድምፅ የሚያመጣልን የፊተኛው ነው፤ የእኛን የሚወስድልን ግን የኋለኛው ነውና፣ እኛ አጥርተን መስማታችን መሰማታችንን አያስረዳም። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው መስመር ከመጀመሪያው መቀበያው ሰፊ፣ መላኪያው ጠባብ ሆኖ የተሠራ ነው። በሞባይልም ቢሆን የትንሿ ስልካችን ኃይል ከማማው ኃይል ጋር አይወዳደርም። ሻጩ በማስታወቂያው ላይ በጉልህ የሚጽፈው የመቀበያውን ቍጥር ነው፤ የመላኪያውን የጠየቀ ደንበኛ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔም ራሴ ከዚያ ቀን በፊት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሆኖም የሰው ድምፅ ቀላል ሸክም ነው። ጂ 711 በሚባለው በጥንቱ የስልክ ሥርዐት በሴኮንድ 64 ኪሎቢት፣ የመላኪያው ፖስታ ሲጨመርበት ወደ 87 ኪሎቢት ይበቃዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬ ብዙ የስልክ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ኦፐስ የተባለው ዘዴ ደግሞ ከዚህም ባነሰ ይሠራል። እንግዲያስ 1 ሜጋቢት፣ ማለት 1,000 ኪሎቢት መላኪያ ያለው ቤት ድምፁ ስለምን ይቆራረጣል?

ምክንያቱን ያገኘሁት ከቤቷ ገብቼ ነው። አንዱን ዋይፋይ አምስት ሰዎች ይካፈሉታል። ስልኮቻቸውም ዋይፋይ ባገኙ ቍጥር ያነሡትን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ማንም ሳያዛቸው ወደ ጎግል ማከማቻ ይልካሉ። ዓርብ ሁሉም ቤት ስለሚውሉ፣ የሐሙሱ ሠርግ ቪዲዮ በሙሉ የሚጫነው እርሷ በምትደውልበት ሰዓት ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናው ከኦምዱርማን ወደ ካርቱም ለመሻገር በድልድዩ ላይ ተደርድሮ ሲቆም፣ የተቃራኒው አቅጣጫ ግን ባዶ ሲሆን ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ፎቶግራፍ ቢዘገይ አይጎዳም። ድምፅ ግን ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሴኮንድ፣ ማለት ከአንድ ሴኮንድ ሰባተኛ እጅ ብዙ ባይበልጥ ይመረጣል ብሎ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይመክራል። ተራው ካለፈ በኋላ የደረሰ የድምፅ ቍራጭ ይጣላል። እናቲቱ ሲቃ ያሉት ይህንኑ ክፍተት ነበር።

የአምስቱንም ስልክ የፎቶግራፍ መላኪያ ዘጋን። ጥፋቱ የጎንደሩ መስመር እንዳይሆን ብለን አስቀድመን አዲስ አበባ ላለች እኅቷ ደወልን፤ እርሷም ጥርት ብሎ ይሰማኛል አለች። ከዚያ ወደ እናቲቱ ተደወለ። ጥቂት ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «ዛሬስ ድምፅሽ የድሮው ሆነ» አሉ። ወንድምየውም ከመንገዱ ቀረ። ያ ባይሆን ኖሮ ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መነጋገር ሸክሙን እጅግ ያቀለው ነበር፤ ለራውተሩ ቀረብ ማለትም ይረዳል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ የዴም ሰው ተበተነ። በ2016 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ የሱዳን የስልክ መረቦች በአብዛኛው አገር ሲቋረጡ፣ በየቦታው በስታርሊንክ ሳተላይት የሚሠራ ኢንተርኔት ይሸጥ ጀመር። አንዱን ሳሕን ብዙ ስልክ ይካፈለዋል፤ የእርሱም መላኪያ ከመቀበያው ይጠብባል። እንዲህ ባለ ስፍራ ቀጥታ ከመደወል ድምፅን ቀርጾ መላክ ይሻላል። የተቀረጸ መልእክት አይቸኵልምና፣ በመንገድ የጠፋው ቍራጭ እንደገና ይላክለታል።

ጎረቤቴ ከዚያ ቀደም ብላ፣ ጦርነቱ በተነሣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታ ነበር። ከገዳሪፍ ለእናቷ የላከችው «እማዬ፣ ገዳሪፍ ደርሻለሁ፤ ነገ መተማ ነኝ» የሚለው የተቀረጸ ቃል ጎንደር የደረሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። አንድም ፊደል አልጎደለውም።