የዮርዳኖስ ውኃና የሳይንስ ድርሻ

ለጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ የሚወርድ ተሳላሚ ወንዙን ጠቦና ደፍርሶ ሲያየው ይደነቃል፤ ብዙዎችም ምክንያቱ የዝናብ ማነስ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ይልቁን የሰው እጅ ሥራ ነው።

ዮርዳኖስ ቀድሞ በየዓመቱ 1,300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ወደ ሙት ባሕር ያፈስ ነበር፤ ዛሬ የሚደርሰው ከዐሥር አንዱን እንኳ አይሞላም። እስራኤል በ1964 (እ.ኤ.አ.) የጥብርያዶስን ባሕር ውኃ በቧንቧና በቦይ ወደ ደቡብ ወሰደች፤ የዮርዳኖስ መንግሥት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የያርሙክን ወንዝ ጠለፈ፤ ሶርያም በዚያው ወንዝ ላይ ግድቦች ሠራች። በሙት ባሕር ደቡብ ደግሞ ፋብሪካዎች ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ ለማውጣት ውኃውን በኩሬ አጠራቅመው በፀሐይ ያተንናሉ። ስለዚህ ባሕሩ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። በሸሸበትም ሥፍራ ጨው የሌለበት የከርሰ ምድር ውኃ ገብቶ የጨውን ንብርብር ስለሚያሟሟ ምድሪቱ በድንገት ትሰምጣለች።

ይህን የሠሩት መሐንዲሶች የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል፤ ማሳው ለመለመ፥ ከተማውም ጠጣ። የጐደለው የሁሉን ሒሳብ በአንድነት የሚይዝ ነው።

መፍትሔውም ከሊቃውንት አልተሰወረም። የባሕርን ውኃ በብርቱ ግፊት በረቂቅ ወንፊት አሳልፎ ከጨው መለየት ይቻላል፤ ነገር ግን ለአንድ ሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። እንግዲህ የውኃ ጥያቄ የኃይል፥ የኃይልም ጥያቄ የገንዘብ ሆነ። በ2021 ዮርዳኖስ ከምድረ በዳዋ 600 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ለእስራኤል ልትሰጥ፥ እስራኤልም 200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የተጣራ ውኃ ልትመልስላት በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች አገናኝነት የሐሳብ መግለጫ ተፈራረሙ። በ2023 መጨረሻ ግን፥ የጋዛ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ዮርዳኖስ ውሉን እንደማትፈርም አስታወቀች። ወንፊቱ አልተቀደደም፤ ፀሐይም አልጠለቀችም፤ የታጣው መተማመን ነው።

ስለዚህ ሳይንስ ዓለምን አጠፋ የሚሉም፥ ሳይንስ ብቻውን ያድናል የሚሉም እኩል ይሳሳታሉ። ውኃን መለካት የሳይንስ ነው፤ ውኃን ማካፈል ግን የሕግና የፍርድ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አንካሳ ነው።

ይህም ለእኛ ለዓባይ ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2025 ሲመረቅ ስለ ውኃው አለቃቀቅ በሦስቱ አገሮች መካከል የሚያስገድድ ውል አልተፈረመም ነበር። እንግዲህ ነገ በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ደቀ መዝሙር ከመጻሕፍቱ ጋር ይህንንም ሒሳብ ይማር፤ ቍጥሩን የማያውቅ አስታራቂ ከሁለቱም ወገን አይሰማምና።