የሚሰናበተው የጤና መድን ሹም ምን ይናገር?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ለብዙ ወንበር ይሠራ ይሆናል። የጤና መድንን መሥሪያ ቤት መርቶ ለሚሰናበት ሰው ግን የሚቆጭ ነገር ካለ፣ ሳይናገር የቀረው ነው። በኢትዮጵያ ልማድ አንድ ኃላፊ ሲነሳ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ባልደረቦቹ ሻይ ቡና ብለው ጋቢ ያለብሱታል፤ ፎቶግራፍ ይነሳሉ፤ አለቀ። ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳቃተውና ለተተኪው ምን ዕዳ ትቶ እንደሄደ ለሕዝብ የሚያስረዳበት ወግ የለም። የኢትዮጵያ ጤና መድን ኤጀንሲም (ኋላ «አገልግሎት» የተባለው ማለት ነው) በደንብ ቁጥር 191/2003 ከተቋቋመ ወዲህ ወንበሩ ላይ ሰው ተፈራርቋል። የሚያጓጓው ቃል ግን በጋቢው ተጠቅልሎ ይቀራል።

ለመሆኑ ተሰናባቹ ቢናገር ምን ይላል? መልሱን ለመገመት አዲስ አበባ መቀመጥ አያስፈልግም። ከሐይቅ ተነስቶ፣ ደሴን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻ መውረድ ይበቃል። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ሐይቅ የምትገኝበት ተሁለደሬ፣ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈርና ፎገራም ነበሩበት። መዋጮው ያን ጊዜ በክልሉ ለአንድ ሰው በወር 3 ብር ገደማ ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ ያክልበታል፤ የድሃ ድሃ ለሆኑት ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍላሉ። ገበሬ ገንዘብ የሚይዘው ምርት ሲሰበስብ፣ በሽታ የሚይዘው ግን በክረምትም በበጋም ነው። ይህን ክፍተት በሬ ሳያሸጡ መሙላት ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ላይ ተሰናባቹ አንገቱን ቀና ቢያደርግ የሚነቅፈው የለም። ከ13 ወረዳ ተነስቶ ከ1 ሺህ በላይ ወረዳ የደረሰ ሥራ ነው።

ደሴ ሲደርሱ ነገሩ ይወሳሰባል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ያለውን ሰው እንውሰድ። ደመወዝተኛ ስላልሆነ የሚታቀፈው በዚሁ በመዋጮው መድን ነው። መዋጮውን ከፍሎ፣ ካርዱን ይዞ፣ ተራ ጠብቆ፣ ሐኪሙ አይቶት መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ሲባል ምን ይሆናል? አንድ ጊዜ በመዋጮ የከፈለበትን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ከኪሱ ይከፍልበታል። በሚቀጥለው ዓመት ካርዱን ላለማደስ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይፈልግም። ጤነኛው ካርዱን ሲተወውና በሽተኛው ብቻ ሲቀር የመድን ሒሳብ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አያሻም። እድርም የሚፈርሰው እንዲሁ ነው።

«የለም» የሚለው ቃል የሚጀምረው ግን ከመስኮቱ ላይሆን ይችላል። መድኑ የተዋቀረው በየወረዳው ነው፤ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ትንሽ ካዝና አለው። የደሴ ሆስፒታል ደግሞ ከብዙ ወረዳ የተላከ በሽተኛ ይቀበላል፤ ሒሳቡንም ከየካዝናው መጠየቅ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲያዘገይ፣ ሌላው ዓመቱ ከብዶት ካዝናው ሲነጥፍ፣ ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛበት ብር ወረቀት ላይ ይቀራል። በላዩ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴ ስትያዝና እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ሆስፒታሉ ተዘርፏል። አባሉ ያን ዓመት የከፈለው መዋጮ ምን አገልግሎት ገዛለት? ይህ ተሰናባቹ ሊመልሰው የሚገባ የሒሳብ ጥያቄ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የሚገርመው ይመጣል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ የቆየ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። የተሁለደሬው ገበሬ ካርድ ይይዛል፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የተቀጠረችው ልጁ ግን ደመወዝተኛ ስለሆነች ከአባቷ መድን ወጥታ «ማኅበራዊ ጤና መድን» ከሚባለው ትመደባለች። ይህን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ቀን እየተቆረጠለት ቀኑ እየተገፋ፣ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላም ተቀናሹ አልተጀመረም ነበር። አባትየው መድን ሲያገኝ ልጅቷ ደመወዝ ስላላት አጣች ማለት ነው።

ሠራተኛው ለምን አንገራገረ? የታሰበው መዋጮ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ነው። ለምሳሌ የልጅቷ የወር ደመወዝ 3,000 ብር ቢሆን 90 ብር፣ በዓመት 1,080 ብር ይቆረጥባታል። ለጡረታ 7 በመቶ ቀድሞም ይሄዳል። «ደሴ ሄጄ የለም ለመባል ነው የምከፍለው?» ብትል ምን መልስ አለ? አገልግሎቱ ሳይታይ ቅነሳው ስለታየ ነው ነገሩ የከረረው።

ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ ችግር አለ። የመድኑ መሥሪያ ቤት ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር ነው። ሕክምና ገዥውና ሕክምና ሻጩ ከአንድ ቤት ወጡ ማለት ነው። ገበያ ላይ ገዥና ሻጭ ወንድማማች ሲሆኑ ዋጋውን የሚከራከር፣ ጥራቱን አገላብጦ የሚያይ አይኖርም። የግል መድን ድርጅት ካሳ ቢያጓትት ደንበኛው ለብሔራዊ ባንክ አቤት ይላል፤ ተቆጣጣሪው ከድርጅቱ ውጭ ነውና። ካርድ የያዘው የቧንቧ ውሃ ነጋዴ ግን አቤት የሚለው ለዚያው ቤት ነው። ሩዋንዳ በ2015 እ.ኤ.አ. የማኅበረሰብ መድኗን ከጤና ሚኒስቴር አውጥታ ለማኅበራዊ ዋስትና ቦርዷ የሰጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ብቻውን መድኃኒት መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም፤ ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ግን «የት ሄደ?» ለማለት ይሉኝታ እንዳይዘው ያደርጋል።

አዲስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማለት አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መኪናና አዲስ አበል ማለት ነው የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። እስከዚያው ግን ርካሽ መጀመሪያ አለ። ማንኛውም የጤና መድን ኃላፊ ከወንበሩ ሲነሳ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በይፋ የሚያቀርበው የርክክብ ሒሳብ ይኑር። ሁለት ገጽ ይበቃል። በአንደኛው ገጽ የደሴ ሆስፒታልና እንደ እርሱ ያሉት ከየትኛው ወረዳ ስንት ብር፣ ለስንት ቀን እንደሚጠብቁ ይጻፍ፤ በሁለተኛው የኮምቦልቻዋ ሠራተኛ ካርድ የምትይዝበት ቀን።